ለወታደሩ ደመወዝ የሚከፍለው ማነው?

ጥያቄው የመጣው ከገላን ነው። ጠያቂው ከግቢያቸው ሁለት ክፍል ለአንድ ሱዳናዊ ቤተሰብ አከራይተዋል። ቤተሰቡ ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ ነው። አባትየው እዚያ እያለ መምህር ነበር። አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ሲጫወቱ፣ «በሽርን ያወረድነው እኮ እኛ ነን፤ ምን አጥፍተን ነው እዚህ የደረስነው?» ብሎ ጠየቃቸው። አስተርጓሚው ትንሹ ልጁ ነው፤ አማርኛውን ከሰፈር ልጆች ለምዶታል። እሳቸውም «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው መለሱ። ልጁ ተረቱን እንደምንም ተረጎመው። አባትየው ራሱን ነቀነቀና «ይሄ እኮ መልስ አይደለም» አለ።

እሳቸውም ጥያቄውን ወደ እኔ ገፉት። «መምህር፣ እርስዎ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። በዚህ በእኛ አካባቢ ሰውየው ይወድቃል፣ አገዛዙ ግን ይቀራል። ሱዳን እንደዛ፣ ግብፅ እንደዛ፣ እኛም ብንሆን ያው። ሕዝቡ ስላልነቃ ነው? ወይስ እርግማን አለብን?»

ጋሼ፣ ተከራይዎ ልክ ነው። ተረቱ ያጽናናል እንጂ አያስረዳም። እርግማኑንም እንተወው። እርግማን ቢሆን ኬንያና ሶማሌላንድም አይቀርላቸውም ነበር፤ ስለነሱ ወደ ኋላ እመጣለሁ። «ሕዝቡ አልነቃም» የሚለው ወሬ ግን ያበሳጨኛል። የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ሰልፍ ወጥተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ካርቱም አደባባይ የወጣው ሕዝብ ከነቃም በላይ የተደራጀ ነበር።

እኔ ነገሩን የማየው በሁለት ጥያቄ ነው። ጠመንጃ ለያዘው ሰው ደመወዝ የሚከፍለው ማነው? ተራው ሰው ለዕለት ኑሮው የሚያስፈልገውን ወረቀት የሚፈርምለትስ ማነው? ጦሩ ከሕዝቡ ኪስ የማይበላ ከሆነ፣ ሕዝቡ ደግሞ ያለ መንግሥት ማኅተም መንቀሳቀስ ካልቻለ፣ ጥገኝነቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። እነሱ እኛን አይፈልጉንም፤ እኛ ግን እነሱን እንፈልጋለን። እንዲህ ባለበት አገር ላይ ያለውን ሰውዬ ማውረድ ይቻላል። አስቸጋሪው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

ከሱዳን ልጀምር። የጎረቤቶቻችንን ዓመት በፈረንጆቹ፣ የእኛን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሱዳኖች የወታደር መንግሥት በአመጽ ሲያወርዱ 2019 የመጀመሪያቸው አልነበረም። በ1964 ጄኔራል አቡድን አወረዱ። በ1985 ኒሜሪን አወረዱ። በ2019 በሽርን አወረዱ። ሦስቱንም ጊዜ አድማና ሰልፍ ነው ያሸነፈው። ሦስቱንም ጊዜ ግን ወታደሩ ተመልሶ መጣ፤ በ1969፣ በ1989 እና በ2021። ሦስት ጊዜ ወጥቶ ያሸነፈን ሕዝብ ማን ነው አልነቃም የሚለው? ችግሩን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

በሽር ጁን 30 ቀን 1989 በመፈንቅለ መንግሥት ሲመጣ አገሪቱ ድሃ ነበረች። በ1990ዎቹ መጨረሻ ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች። የነዳጅ ገንዘብ ግብር ከፋይ አይፈልግም። ገዥው ነጋዴውን ወይም ገበሬውን «እባክህ» ማለት አይጠበቅበትም። በዚያ ገንዘብ ጦሩንም፣ ደኅንነቱንም፣ ፓርቲውንም አበላ። በ2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ሦስት አራተኛ የሚሆነው ነዳጅ አብሮ ሄደ። ካዝናው ባዶ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ወርቅ የመጣው።

ወርቅ እንደ ነዳጅ አይደለም። ቧንቧ አያስፈልገውም። አካፋና ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያወጣዋል። በዳርፉር ጀበል አሚር የሚባለውን የወርቅ ቦታ በ2017 ሞሐመድ ሐምዳን ደጋሎ፣ ሁላችንም ሄሜቲ የምንለው ሰው፣ ተቆጣጠረው። ሄሜቲ ያን ጊዜ በዳርፉር ጦርነት ስማቸው ከገነነው ከጃንጃዊድ ታጣቂዎች የተቋቋመው የፈጥኖ ደራሽ ኃይል አዛዥ ነበር። በዚያው ዓመት ፓርላማው ለዚህ ኃይል ሕግ አወጣለት። ሳዑዲና ኤምሬትስ በየመን ለከፈቱት ጦርነትም ወታደር ሲፈልጉ ከላኩላቸው አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ ሰውየው የራሱ ወርቅ፣ የራሱ ጦር፣ የራሱ የውጭ ደንበኛ ነበረው። የቀረው መዝሙር ብቻ ነው።

በሽር ይህን የፈቀደው ሞኝ ስለሆነ አልነበረም። መደበኛው ጦር እንዳይገለብጠው ሌላ ጦር አጠገቡ አቆመ። ደኅንነቱን ደግሞ ሦስተኛ አደረገው። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ይህ የድሮ ብልሃት ነው፤ የአምባገነን ትምህርት ቤት ቢኖር የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ይሆናል። መደበኛው ጦርም ቢሆን ባዶ እጁን አልተቀመጠም። የራሱ ኩባንያዎች ነበሩት፤ በወርቅ፣ በሥጋ፣ በዱቄት፣ በሰሊጥ ንግድ ውስጥ ገብቷል።

ዲሴምበር 19 ቀን 2018 አትባራ ላይ ሰው ወጣ። አትባራ የባቡር ሠራተኞች ከተማ ናት፤ የማኅበር ወግ አላት። መነሻው የዳቦ ዋጋ ነበር፤ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ወጥቶ ነበር። ሰልፉን ሐኪሞች፣ መምህራን፣ ጠበቆች የመሠረቱት የባለሙያዎች ማኅበር መራው። አፕሪል 6 ቀን 2019 የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ቀኑ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ኒሜሪ የወደቀበት ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን በሽር ወደቀ።

እዚህ ላይ ተከራይዎ ቅር እንዳይለው። በሽርን ማን አወረደው? ሕዝቡ ምክንያት ሆነ። እጁን ይዘው ያወረዱት ግን የራሱ ጄኔራሎች ናቸው። «ሰውየውን እንስጣቸውና ቤቱን እናትርፍ» ያሉ ሰዎች። የመጀመሪያው ተተኪ ኢብን አውፍ በማግሥቱ ለቀቀ፤ ጄኔራል ቡርሃን መጣ፤ ሄሜቲ ምክትሉ ሆነ። አፕሪል 21 ሳዑዲና ኤምሬትስ 3 ቢሊዮን ዶላር እንደሚሰጡ አስታወቁ። ቀኑን ልብ ይበሉት። በሽር ከወረደ ገና አሥር ቀኑ ነው። የዳቦ ዋጋ ያስወጣው ሕዝብ አስፋልት ላይ ተቀምጧል፤ ጄኔራሎቹ ግን እሱን ሳይጠይቁ የሚያድሩበት ገንዘብ አገኙ። ከዚያ በኋላ ለምን ይደራደራሉ? ጁን 3፣ ረመዳን ሊያልቅ ሲል፣ አደባባዩን በጥይት በተኑት። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ኢንተርኔት ተዘጋ።

ሕዝቡ አልተሰበረም። ጁን 30 ያለ ኢንተርኔት፣ ቤት ለቤት እየተጠራራ፣ ከበፊቱም በዝቶ ወጣ። እዚህ እኛም ገባንበት። አምባሳደር ማህሙድ ድሪር ከአፍሪካ ኅብረቱ ልዑክ ጋር ሆነው አሸማገሉ። ኦገስት 17 ስምምነት ተፈረመ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አብደላ ሐምዶክ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ውስጥ ለዓመታት እዚሁ አዲስ አበባ ሠርተዋል።

ስምምነቱን ሳነብ የገረመኝ ስለ ወንበር የተጻፈው ብዛት ነው። የሉዓላዊ ምክር ቤቱ 11 አባላት፤ 5 ከወታደር፣ 5 ከሲቪል፣ 1 በስምምነት። የመጀመሪያዎቹን 21 ወራት ወታደሩ ይመራል፣ ከዚያ ሲቪሉ ይረከባል። ሁሉም ተለክቶ ተቆርጧል። የጦሩን ኩባንያዎች ለገንዘብ ሚኒስቴር አስረክቡ የሚል ጥርስ ያለው ነገር ግን የለም። ፈጥኖ ደራሹ ከጦር ኃይሉ አንዱ አካል ነው ተብሎ ታለፈ፤ መቼ ይቀላቀላል፣ በማን ሥር ይሆናል የሚለው አልተነካም። ሐምዶክ ዳቦ ሲወደድ የሚሰደቡ ሰው ሆኑ። ወርቁ የሚገባው ሌላ ቤት። ችግሩን ራሳቸው በአደባባይ ተናግረውታል፤ የጦሩ ኩባንያዎች ከመንግሥት ካዝና ውጭ መሆናቸውን መቀበል አይቻልም ብለው ነበር። የሰማቸው የለም።

የቀድሞውን አገዛዝ ሀብት የሚያስመልስ ኮሚቴም ተቋቁሞ ነበር። ሥራውን በደንብ ጀመረ። ሆቴልም፣ መሬትም፣ ኩባንያም ያዘ። ጦሩ በጣም የጠላው እሱን ነው። ወንበሩን ለሲቪል የማስረከቢያው ጊዜ ሲቃረብ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 2021 ቡርሃንና ሄሜቲ ተባብረው መንግሥቱን ገለበጡ። ኮሚቴው ወዲያው ታገደ፤ አባላቱም ታሰሩ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሁለት ጦር፣ ሁለት ካዝና ነው። በዲሴምበር 2022 ሌላ ስምምነት ሲፈረም የተጣሉት ፈጥኖ ደራሹ በስንት ዓመት ወደ ጦሩ ይቀላቀል በሚለው ላይ ነበር። ጦሩ በሁለት ዓመት አለ። ሄሜቲ አሥር ዓመት አለ። በአሥር ዓመት ስንት ወርቅ ይወጣል? አፕሪል 15 ቀን 2023 ተኩስ ተከፈተ። ተከራይዎም ገላን ገቡ።

ስለዚህ «ምን አጠፋን?» ለሚለው የእኔ መልስ፣ ሰልፉ ላይ አላጠፋችሁም የሚል ነው። ጠረጴዛው ላይ ወንበር ስትካፈሉ ካዝናውን ተዋችሁት። ይህን ስል ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። ጁን 3 ላይ ልጁን የቀበረ ሰው «ደም ይብቃ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ግብፅን በአጭሩ። ሙባረክ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2011 ወረደ። ጦሩ ሰውየውን ለማትረፍ ያልተጨነቀበት አንዱ ምክንያት ልጁ ጋማል ነው። ሙባረክ ለልጁ ሊያወርስ ነው ተብሎ ይታማ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ወታደር አይደለም፣ ጓደኞቹ ነጋዴዎች ናቸው። ለጄኔራሎቹ ሕዝቡም እሱም ስጋት ነበሩ፤ ሕዝቡን ተጠቅመው ልጁን አስወገዱ። የግብፅ ጦር ፓስታ ያመርታል፣ የታሸገ ውሃ ይሸጣል፣ ሲሚንቶ ያመርታል፣ ነዳጅ ማደያ አለው። በዚያ ላይ ከአሜሪካ በየዓመቱ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ወታደራዊ እርዳታ አለ። የሙስሊም ወንድማማቾች ድርጅት ሰው የሆነው ሙርሲ በ2012 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ጁላይ 3 ቀን 2013 ተነሣ። በቀናት ውስጥ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስና ኩዌት 12 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። ከሱዳን ጋር ሲያስተያዩት አሠራሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የገንዘቡ መጠን ነው። በርግጥ ሙርሲና ድርጅቱም ጥፋት አላቸው፤ ሁሉን ለብቻቸው ሊይዙ ሞክረው አጋሮቻቸውን አስደንግጠዋል። ግን እሱ ባያጠፋም ጦሩ ያን ሁሉ ፋብሪካ ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር ብዬ አላምንም።

ቱኒዚያ የምትገርም ናት፤ የእኔን ሐሳብ ግማሹን ትደግፋለች፣ ግማሹን ትፈትናለች። ቤን አሊ በጃንዋሪ 2011 ሲሸሽ ጦሩ ትንሽ ነበር። ፋብሪካ የለው፣ ማዕድን የለው። ሥልጣን ላይ የሚያጣው ነገር ስላልነበረው ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። በሌላ በኩል ጠንካራ የሠራተኞች ማኅበር ነበር። ማኅበሩ ከሦስት ድርጅቶች ጋር ሆኖ ፓርቲዎቹን አስታርቆ የ2015ቱን የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰደ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ከዚያ ግን ኑሮው አልተሻሻለም፤ ፓርቲዎቹ ሲናቆሩ ሕዝቡ ሰለቸው። ጁላይ 25 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ ፓርላማውን ሲዘጋ ብዙ ሰው በደስታ ወጣ። ካዝናው የሕዝብ ቢሆንም ባዶ ከሆነ፣ ሕዝቡ ራሱ ቁልፉን ለአንድ ሰው ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚመልስ ንድፈ ሐሳብ የለኝም።

ሶርያን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ አንድ ነገር ስላለ። ሐፊዝ አል አሳድ ጁን 10 ቀን 2000 ሲሞት ሕገ መንግሥቱ ለፕሬዚዳንትነት 40 ዓመት ይጠይቅ ነበር። ልጁ ባሻር 34 ዓመቱ ነው። ፓርላማው በዚያኑ ቀን ተሰብስቦ 40ውን 34 አደረገው። 35 አላሉም፣ 30 አላሉም። ይህ ሰው ከ2011 በኋላ በሩሲያና በኢራን ጉልበት ቆመ። የራሱ ወታደር ደመወዝ ግን ለትራንስፖርት አትበቃም ነበር። በ2024 መጨረሻ አማጺዎቹ ሲነሡ ሩሲያ ዩክሬን ውስጥ፣ ኢራንና ሒዝቦላህ ከእስራኤል ጋር ተይዘዋል። ዲሴምበር 4 ቀን ባሻር የወታደሩ ደመወዝ በ50 በመቶ እንዲጨምር አዘዘ። ዲሴምበር 8 ቀን ሞስኮ ነበር። ወታደሩ ዩኒፎርሙን እያወለቀ መንገድ ላይ እየጣለ ነው የሄደው።

ጂቡቲን ደግሞ እርስዎ አከራይ ስለሆኑ ቶሎ ይረዱታል። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይና እዚያች ትንሽ አገር ላይ ጦራቸውን አስፍረዋል። የእኛ ዕቃ ደግሞ አብዛኛው በወደቧ ይገባል። ኪራይና የወደብ ገቢ ነው አገሪቱን የያዛት። እስማኤል ኦማር ጌሌ ከ1999 ጀምሮ እዚያው ናቸው። ተከራዮቹ ሁሉ ኃያላን፣ ሁሉም ጸጥታ ብቻ የሚፈልጉ፤ ታዲያ ማን ምን ይላቸዋል? («ኪራይ ሰብሳቢ» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ አልተጠቀምኩትም። ባለፈው ዘመን በስብሰባ ብዛት አሰልችተውን ስለነበር።) ዩጋንዳን በአንድ አረፍተ ነገር ልለፋት፦ ሙሴቬኒ በ1986 የአፍሪካ ችግር ሥልጣን ላይ መቆየት የሚወዱ መሪዎች ናቸው ብሎ ነበር፤ በ2005 የሥልጣን ዘመን ገደቡ፣ በ2017 የዕድሜ ገደቡ ከሕገ መንግሥቱ ወጣ።

«አፍሪካ ኅብረት እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ምን ይሠራል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በሱዳን ጉዳይ የሠራውን ልንገርዎ። አፕሪል 15 ቀን 2019 የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤቱ ለጄኔራሎቹ ሥልጣኑን ለሲቪል እንዲያስረክቡ 15 ቀን ሰጠ። ጎበዝ ነው። የዚያ ዓመት የኅብረቱ ሊቀመንበር ግን የግብፁ ፕሬዚዳንት አልሲሲ ነበር። አዎ፣ አገሩ በ2013 በመፈንቅለ መንግሥት ምክንያት ከዚሁ ኅብረት ታግዳ የነበረችው። አፕሪል 23 ካይሮ ላይ መሪዎች ሰብስቦ ቀኑ ወደ ሦስት ወር ይራዘም አሰኘ። በመጨረሻ 60 ቀን ተባለ። 60ው ቀን ሳያልቅ አደባባዩ በደም ታጠበ። ኅብረቱ ሱዳንን ያገደው ከዚያ በኋላ ነው። ቻድ ላይ በ2021 የዴቢ ልጅ አባቱን ሲተካ ግን አላገደም። የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ያኔ ቻዳዊ ነበሩ። ግንኙነት አለው አልልም። የለውም ብዬም አልምልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ወረቀቱ ልምጣ። እዚህ ከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህኛው ይቀርበናል። እኔ የምኖረው በዚያኛው ጫፍ፣ በለገጣፎ በኩል ነው። ለቆጣሪ ጉዳይ ደብዳቤ ፈልጌ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ከፊቴ አንዲት እናት ተሰልፈዋል። የይዞታ ወረቀታቸውን በፌስታል፣ ፌስታሉን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። ተራቸው ሲደርስ ልጁ ቀና ሳይል «ሲስተም የለም፣ ኃላፊውም ስብሰባ ነው፣ ነገ ይመለሱ» አላቸው። እናትየዋ እጅ ነሥተው «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ» ብለው ወጡ። ምን ሰጣቸው? ምንም። ግን ነገም ያ ልጅ ነው እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው። ቢቆጡ ወረቀቱ ይጠፋል ብለው ይፈራሉ። ወታደር እዚያ ቢሮ በር ላይ መቆም አያስፈልገውም።

ይህ መሥሪያ ቤት ዕድሜው ከስንት መንግሥት ይበልጣል! ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን ሲወርስ የቀበሌ ማኅበራትን አቆመ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶችን ቀበሌ ያስተዳድር ተባለ። ቀጥሎ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ መታወቂያው በዚያው በኩል መጣ። ቀጥሎ እስር ቤቱና አብዮት ጠባቂው። የአብዮቱ ቀን ያለቀሰ ሰው ኑሮውን ለመግፋት ያው ቀበሌ መሰለፍ ነበረበት። ግንቦት 20 ቀን 1983 ደርግ ወደቀ። ሐውልቱ ፈረሰ፣ መዝሙሩ ተቀየረ። ቀበሌው? እዚያው።

ኢሕአዴግ ይህን ዕቃ ሙሉ በሙሉ መጠቀም የጀመረው በእኔ ግምት ከ1997 ምርጫ በኋላ ነው። በዚያ ምርጫ አዲስ አበባን አጣ፤ ደነገጠ። ከዚያ የፓርቲው አባላት ከአንድ ሚሊዮን በታች ከነበሩበት በጥቂት ዓመት ከአራት ሚሊዮን አለፉ። በ2000 ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት ወንበር እስከ 300 ደረሰ። ከዚያ አንድ ለአምስት መጣ። በ2002 ምርጫ ከ547ቱ ወንበር 545ቱን ከአጋሮቹ ጋር ወሰደ፤ በ2007 ሁሉንም። ያኔ ብዙ ሰው «በቃ፣ እነዚህ አይነቀነቁም» ብሎ ነበር። ሦስት ዓመት አልሞላም። የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ።

ምን ተፈጠረ? መልሱ እርስዎ ያሉበት አካባቢ ነው። ገላን፣ ዱከም፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ሲመጣ ገበሬው አንድ ነገር ገባው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ለገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ በተግባር ደግሞ ከቢሮ የተሰጠ ወረቀት። ለዓመታት ያን ወረቀት ላለማጣት ሲል ስብሰባ ገባ፣ መዋጮ ከፈለ፣ አንድ ለአምስት ተደራጀ። አሁን ግን ሁሉን አድርጎም መሬቱ ሊሄድ ነው። ታዲያ ለምን ዝም ይላል? ሚያዝያ 2006 ተማሪዎች ጀመሩት፤ ኅዳር 2008 ከጊንጪ እንደገና ተነሣ። ጥር 2008 ፕላኑ ቀረ ተባለ። ረፍዶ ነበር። በወረቀት የሚገዛ አገዛዝ ወረቀቱ ዋጋ እንዳይኖረው ካደረገ የሚተማመንበት ጠመንጃ ብቻ ይሆናል፤ መስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎም ያውቁታል። ለውጡ የመጣው ከፓርቲው ውስጥ ነው። በ2012 ፓርቲው ስሙንም ቅርጹንም ቀየረ። ዙሪያችን ሸገር ከተማ ሆነ፤ ማኅተሙ ተቀየረ። አንቀጽ 40 እዚያው ነው፣ ወረፋውም እዚያው ነው። የገበሬ ቦታ በውል የገዛው፣ የጨረቃ ቤት የሠራው፣ ካርታ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዛሬም ዓይኑ ወደዚያ ቢሮ ነው። የአገዛዙን ዕድሜ መለካት ከፈለጉ የፓርቲውን ስም ትተው ያን ወረፋ ይመልከቱ።

ቃል የገባሁት አልቀረም። ሶማሌላንድ በ2003 ፕሬዚዳንት ስትመርጥ አሸናፊውና ተሸናፊው የተለያዩት በ80 ድምፅ ነው። ሰማንያ! ተሸናፊው ሲላንዮ ተቃወመ፣ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በመጨረሻ ተቀበለ፤ በ2010 ተመልሶ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ2024ም ተቃዋሚው ኢሮ አሸንፎ ተረከበ። ጦር አልነበራቸውም? ነበራቸው። ግን ያኔ ዕውቅና የሰጣት አገር ስላልነበረ የውጭ ብድር አልነበረም፤ ነዳጅም የለም። መንግሥቱ የሚኖረው በበርበራ ወደብ ቀረጥ፣ በከብት ነጋዴውና በዳያስፖራው ገንዘብ ነው። ነጋዴው ካኮረፈ ለወታደሩ ደመወዝ የለም። ኬንያም የተሻለችው በዚህ ነው፤ በነዳጅ ገንዘብ አትተዳደርም፣ ግብር ከፋይ አላት። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰረዘ። ጁን 2024 ወጣቶቹ የግብር ሕጉን ተቃውመው ፓርላማ ድረስ ገቡ፤ በማግሥቱ ሩቶ ሕጉን አልፈርምም አለ። ፖሊስ ብዙ ልጆች ገድሏል፤ ገነት ነው እያልኩዎት አይደለም። ግን ገንዘቡን ከእነዚያው ልጆች ስለሚፈልግ መስማት ነበረበት።

ለተከራይዎ ይህን በልጁ በኩል ማስረዳት ቀላል ላይሆን ይችላል፤ «ካዝና» የምትለዋን ቃል ብቻ ያስይዙት፣ አረብኛም ስለሆነች ይገባዋል። ጦርነቱ አንድ ቀን በስምምነት ይቆማል። ምናልባት ጅዳ ይፈረማል፣ ምናልባትም እዚሁ። ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ማን ከማን ጋር እንደተጨባበጠ፣ ማን የትኛውን ሚኒስቴር እንደወሰደ ያሳያል። እሱን ትተው ሦስት ነገር ይፈልጉ። የወርቁ ገቢ በስም ለማን ይገባል? የጦሩ ኩባንያዎች ለገንዘብ ሚኒስቴር የሚያስረክቡበት ቀን ተጽፏል ወይ? ለወታደሩ ደመወዝ የሚፈርመው ስንት ሰው ነው፣ አንድ ወይስ ሁለት? እነዚህ ካልተጻፉ ግቢዎ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለሌላ ሰው ቃል አይግቡ።